የድሮው የእንፋሎት ሞተር ለምን ልብ ይሰርቃል? የዘመኑ ምህንድስናስ ምን ጎደለው?

ብረት ወዳድ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቴክኒክ ሙዚየም ገባሁ። ግማሽ ሰዓት ተዘዋውሬ ልወጣ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ያስቆመኝ ድሮ የሽመና ፋብሪካ ያንቀሳቅስ የነበረ፣ ዛሬም አልፎ አልፎ እሳት የሚነድለት የእንፋሎት ሞተር ነው። ፒስተኑ ይወጣል ይገባል፣ ቢየላው (ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ) ጎማውን የሚያዞረውን ክራንክ ይገፋል፣ የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆነው ከባድ ጎማ ያለ ጩኸት ይዞራል። ከላይ ሁለት የብረት ኳሶች አብረው ይሽከረከራሉ። ሠራተኛው ጭነቱን ሲቀንስለት ጎማው ፈጠን አለ። ወዲያው ኳሶቹ ወደ ውጭ ተከፈቱ፤ ሲከፈቱ አንዲት ቀጭን ዘንግ ሳቡ፤ ዘንጓ የእንፋሎቱን በር አጠበበች፤ ጎማው ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ተመለሰ። ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም አላነበብኩም። ዓይኔ ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ደረሰበት። ጄምስ ዋት ይህን ገቨርነር፣ ማለትም የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ከሞተሩ ጋር ያገናኘው በ1788 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ230 ዓመት በላይ አልፎ እንኳ፣ እኔ ያለ አስተማሪ ቆሜ ተማርኩበት።

ቤቴ ስመለስ የመኪናዬን ኮፈን ከፈትኩ። ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን፣ የጥቁር ገመድ ጥቅል፣ የታሸገ ሳጥን። እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ በደንብም ይሠራል። ግን ምኑን ልየው?

ይህን ስሜት «ናፍቆት ነው» ብለው የሚያልፉት ሰዎች አሉ። እኔ የእንፋሎት ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ያንን ዘመን አልኖርኩበትም። ያልኖርኩበትን እንዴት እናፍቃለሁ? የኔ መልስ ሌላ ነው። የእንፋሎት ሞተር ምክንያቱንና ውጤቱን አይደብቅም። በ1829 እንግሊዝ አገር ሬይንሂል ላይ የተወዳደረውን የስቲቨንሰኖቹን «ሮኬት» የተባለ የእንፋሎት ባቡር ውሰዱ። ሥራውን የጨረሰውን እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ላይ ይተፋዋል። ያ ትንፋሽ ጭሱን ይዞት ሲወጣ ከኋላው አየር በእሳቱ ውስጥ ይሳባል፤ ትኩሱ ጋዝ ደግሞ ውሃው ውስጥ ባለፉ 25 የመዳብ ቱቦዎች ይጎርፋል። እንግዲህ ዳገት ሲገጥመው ብዙ እንፋሎት ይተፋል፤ ብዙ ሲተፋ እሳቱ ይበልጥ ይነዳል፤ እሳቱ ሲነድ ብዙ እንፋሎት ይወለዳል። ሸክሙ በከበደ ቁጥር ራሱን ያበረታል። ሴንሰር የለ፣ ገመድ የለ። በቱቦ አፍ ብቻ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሚማርካችሁ ምኑ ነው? ወይስ ጭራሽ አይማርካችሁም?


መፍቻ፦

ወንድሜ ብረት ወዳድ፣ ጋራዥ ውስጥ 19 ዓመቴ ነው፤ እጄን ታጥቤ ሳልጨርስ ነው የምመልስልህ። ዓይን ብቻ አትበል፣ ጆሮንም ጨምር።

ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንፋሎት ባቡር እያንዳንዱ ፒስተን በሁለቱም ፊቱ ስለሚገፋ፣ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ባለ ሦስት ከሆነ ስድስት ጊዜ። አራቱ ምቶች እኩል ካልተራራቁ ወይም አንዱ ከሌላው ከደከመ ቫልቩ (እንፋሎቱን የሚያስገባውና የሚያስወጣው በር) ከቦታው ተንሸራቷል ማለት ነው። ነጂው ይህን ለማወቅ መውረድ አያስፈልገውም። ሞተሩ ራሱ በየዙሩ ይናገራል።

አሁን የኔን ዘመን ልንገርህ። አንድ መኪና መጣልኝ፤ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። መመርመሪያ ኮምፒዩተሩን ሰካሁ፤ አንድ ሴንሰር ጠቆመኝ። ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ እንደገና ያንኑ ጠቆመኝ። በመጨረሻ ጥፋቱ የት ተገኘ? ከሻንሲው ጋር የታሰረው የኔጌቲቭ ገመድ ጫፉ ዝጎ ነበር። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የሚያየው የሴንሰሩን ቁጥር ብቻ ስለሆነ ያየውን ነገረኝ። የእንፋሎቱ ማሽን ላይ ግን ዝገቱን ሳታየው አታልፍም ነበር። እኔን የሚያስቀናኝ ይህ ነው፤ በማሽኑና በመካኒኩ መካከል አስተርጓሚ አልነበረም።


ተርባይን ጠባቂ፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ላስተካክል። ስለ እንፋሎት ስታወሩ እንደ ሞተ ዘመድ ነው የምታወሩት። እንፋሎት አልሞተም። እኔ ኃይል ማመንጫ ውስጥ 31 ዓመት የሠራሁት ከእንፋሎት ጋር ነው። የድንጋይ ከሰል ቢነድ፣ አቶም ቢሰነጠቅ፣ ከምድር ውስጥ ሙቀት ቢወጣ፣ በመጨረሻ ጄኔሬተሩን የሚያዞረው በአብዛኛው እንፋሎት ነው። የዓለም ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ ዛሬም የሚመነጨው በእሱ ነው።

የሞተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰው ፒስተን ነው። የገደለውም ቻርልስ ፓርሰንስ ነው። በ1884 የሠራት የመጀመሪያዋ ተርባይን 7.5 ኪሎዋት ብቻ ታመነጭ ነበር፤ ግን በደቂቃ 18,000 ዙር ትዞር ነበር። ፒስተን ይህን ፍጥነት በሕልሙም አያየው። በ1897 ደግሞ «ተርቢኒያ» የምትባል ትንሽ መርከቡን ይዞ ስፒትሄድ ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሰልፍ ቆሞ በሚታይበት ዕለት በመርከቦቹ መካከል ሰንጥቆ አለፈ። እንዲያስቆሟት የተላኩት ጀልባዎች አልደረሱባትም፤ 34 ኖት፣ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትሮጥ ነበር።

ዛሬ አንድ ነጠላ የእንፋሎት ተርባይን ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ያመነጫል። የመጨረሻው ረድፍ ቅጠሎች ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ጫፋቸው ከድምፅ ይፈጥናል። ጭር ያለ የታሸገ በርሜል ይመስላችኋል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትኩስ ተርባይን ሲቆም ዝም ብሎ አይተኛም። ዝም ከተባለ ዘንጉ ከላይና ከታች እኩል ስለማይቀዘቅዝ ይጎብጣል። ስለዚህ ቀዝቅዞ እስኪጨርስ ድረስ በትንሽ ሞተር ቀስ እያልን እናዞረዋለን። ሌሊት ተረኛ ሆኜ መዳፌን የኩሽኔታው (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት) ቤት ላይ አሳርፌ ያንን ቀስታ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተዘጋ ነገር አይወደድም አትበሉኝ።


ኮድ ጻፊ፦

ጋሼ ተርባይን ጠባቂ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የልቤን ተናገሩ። እኔ ግን ወደ ብረት ወዳድ ሐሳብ ልመለስ፤ ምክንያቱም ውብ ሆኖ ሳለ ልክ አይመስለኝም።

«ምክንያቱንና ውጤቱን አይደብቅም» ብለሃል። የመጀመሪያውን ልንመርምር። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ሠራ። ያየው ሰው ሁሉ «እንፋሎት ፒስተኑን ገፋው» ይላል። አልገፋውም! እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ይሞላል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ፒስተኑን ከላይ ወደ ታች የሚጫነው እኔና አንተ የምንተነፍሰው አየር ነው። ሠራተኛው እዚያው ቆሞ እያየ ነው፤ ግን የሚሠራው ኃይል ለዓይን አይታይም። አየር ነዋ!

ቀጥል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ ሙቀት እንዴት ሥራ እንደሚሆን፣ ስንቱስ ሊሆን እንደሚችል የጻፈው በ1824 ነው። ከኒውኮመን 112 ዓመት በኋላ! በዚያ ሁሉ ጊዜ መሐንዲሶች ሞተሩን በዓይናቸው እያዩ፣ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እያሻሻሉም፣ ከሥር ያለውን ሕግ አልጨበጡትም። ካርኖ ራሱ እንኳ ሙቀት የማይጠፋ ፈሳሽ ነገር መስሎት ነበር። ያንተ ገቨርነርም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም። አንዳንዶቹ ፍጥነቱን ከማረጋጋት ይልቅ ሞተሩን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጉት ነበር። ይህ ለምን እንደሚሆን በሒሳብ ያሳየው የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው፤ በ1868። ከዋት 80 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የምታየው እንቅስቃሴውን ነው፤ ምክንያቱን አይደለም። እኔ የምሠራው የሞተር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ላይ ነው። አንድ የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ2,000 ባር (ከተራ አየር ግፊት 2,000 እጥፍ ገደማ) በላይ ጨምቆ፣ በአንድ ምት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከፋፍሎ ይረጫል። እኔ ይህን ስክሪኔ ላይ እያንዳንዱን ርጭት በመስመር አየዋለሁ። ለኔ አልተደበቀም። ሌላ ዓይን ነው የሚያስፈልገው።


ትንሿ ቶርኖ፦

ኮድ ጻፊ፣ እውነት ብለሃል፤ ግን ታሪኩን መሃል ላይ አቆምከው።

በ1763ና 64 ክረምት ዋት ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የኒውኮመን ሞተር ትንሽ ሞዴል አምጥተው «ጠግን» አሉት። ጠገነው፤ ጥቂት ምት መትቶ ይቆማል፤ እንፋሎት ያልቅበታል። ዋት የሙቀት ሕግ አያውቅም፣ ካርኖ ገና አልተወለደም። ግን ሞዴሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሲሊንደሩን በእጁ ይነካዋል፤ ሲረጭበት ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎት ሲገባ እንደገና መሞቅ አለበት። ታዲያ ያ ሁሉ እንፋሎት ብረት ለማሞቅ ነዋ የሚያልቀው! በ1765 እንፋሎቱን በሌላ ዕቃ ውስጥ የማቀዝቀዝ ሐሳብ መጣለት፤ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ፣ ያ ሌላው ዕቃ፣ ኮንደንሰሩ፣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ። የሚታይ ነገር ሁሉ የገባ ነገር አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን የሚታይና የሚዳሰስ ነገር የጥያቄውን ጫፍ ያስይዝሃል። የታሸገ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ዋት ሳጥኑን ለውጦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ሐሳቡ ብቻ ደግሞ አልበቃም። ያኔ ትልቅ ሲሊንደር በትክክል ክብ አድርጎ መሥራት በጣም ከባድ ነበር። ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ አፈሙዝ ለመቦርቦር የሠራውን ማሽን አሻሽሎ 50 ኢንች ስፋት ያለው ሲሊንደር ሲቦረቡርላቸው፣ የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን ስህተቱ በየትኛውም ቦታ ከአሮጌ ሽልንግ ሳንቲም ውፍረት እንደማይበልጥ በደስታ ጽፏል። የሳንቲም ውፍረት! እኔ ቤቴ ባለችኝ ትንሽ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) የፀጉር ክር ከሚያክል ያነሰ ስህተት ላይ እደርሳለሁ። በዚያ የሳንቲም ስህተት ግን ፋብሪካ ቆመ፣ ማዕድን ተቆፈረ። ልክነቱ የት ላይ እንደሚያስፈልግ፣ የት ላይ በሄምፕ ገመድና በስብ መዝጋት እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። የማደንቀው ይህን ማወቃቸውን ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሞተሬ 20 ሚሊሜትር ሲሊንደር ያላት፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ነበረች። አልነሳ አለች። ግፊት ብጨምር ትንቀጠቀጥና ትቆማለች። አንድ ማታ ሙሉ ተቀምጬ በጣቴ ቀስ ብዬ አዞርኳት። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የእንፋሎቱ ቀዳዳ መከፈት ሲጀምር ማየት ነበረብኝ፤ እሱ ግን ፒስተኑ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነበር የሚከፈተው። ቫልቩን የምታንቀሳቅሰው ኤክሰንትሪክ (ዘንጉ ላይ ከመሃሏ ውጭ የተገጠመች ክብ ብረት) ብሎኗ ላልታ ዘንጉ ላይ ተንሸራታለች። ሩብ ዙር ያህል መልሼ አጠበቅኩ፤ ነፋሁባት፤ ተነሳች። በአፌ ትንፋሽ! እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ያንን ያህል ደስ ያለኝ የለም። በዚያች ሌሊት ስለ ቫልቭ የተማርኩት ከመጽሐፍ አንብቤው ያልገባኝን ነው።

ደግሞ የኢንጀክተርን ነገር እስካሁን ማንም አላነሳም፤ ለኔ ከሁሉ የሚደንቀው እሱ ነው።


አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ እያነበብኩ ብቻ ነበር። ኢንጀክተር ማለት ውሃ ወደ ቦይለር፣ እንፋሎቱ ወደሚፈላበት ጋን፣ የሚያስገባው ነው አይደል? ከቦይለሩ የወጣ እንፋሎት ተመልሶ ወደዚያው ቦይለር ውሃ ይገፋል ይላሉ። ግፊቱ እኩል ሆኖ ሳለ እንዴት ያሸንፈዋል? አስተማሪዬን ጠይቄ አልገባኝም።


ተርባይን ጠባቂ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንሪ ጊፋር የሚባል ፈረንሳዊ በ1858 ሲያወጣው እንዳንተው የተጠራጠረ ሞልቶ ነበር።

ቀስ ብለህ ተከተለኝ። እንፋሎቱ በጠባብ አፍ ሲወጣ ግፊቱ ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ እንደ ጥይት ይወጣል። እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ያገኘዋል። ሲገናኙ እንፋሎቱ ተሰብስቦ ውሃ ይሆናል፣ ፍጥነቱን ግን ለውሃው ያካፍለዋል። አሁን በእጅህ ያለው በጣም ፈጣን የውሃ ዘንግ ነው። ይህ ውሃ ቀስ እያለ እየሰፋ በሚሄድ ቱቦ ሲገባ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ፍጥነቱ ተመልሶ ግፊት ይሆናል፤ ያ ግፊት ከቦይለሩ ይበልጣል። መግቢያው ላይ ያለው ቫልቭ ይከፈታል፣ ውሃው ይገባል።

ምስጢሩ መጠኑ ላይ ነው። አንድ ኪሎ እንፋሎት በ10 ባር ግፊት ላይ የሚይዘው ቦታ አንድ ኪሎ ውሃ ከሚይዘው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ያንን ሁሉ ቦታ ይዞ የወጣ ነገር ተሰብስቦ በትንሽ ቦታ ሲመለስ፣ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሥራ ሲወጣ ከሰጠው በጣም ያንሳል። ትርፉ ከዚያ ነው። ሙቀቱም አይባክንም፤ ውሃው ሞቆ ነው የሚገባው። ልብ በል፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው አስቀድሞ ከሞቀ ግን አይሠራም፤ እንፋሎቱን የሚሰበስብለት ቅዝቃዜ ያጣል።


አዲስ ገቢ፦

ገባኝ! «ተሰብስቦ ሲመለስ» ሲሉ ገባኝ። በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ።


ሴፍቲ ቫልቭ፦

ሥራዬ ቦይለር መመርመር ነው። ፍቅራችሁን እጋራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ግን ይህን ሁሉ አንብቤ ዝም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድም።

«ሁሉም ይታያል» የምትሉት ማሽን ውስጥ ሰው የሚገድለው ነገር አይታይም። ከውሃው መስመር በታች ላሜራው ከውስጥ በኩል ይበላል። ሪቬቱ ሥር ስንጥቅ ይጀምራል። ውሃው ዝቅ ካለ ከእሳቱ በላይ ያለው ጣራ ባዶውን ይቀራል፤ ግሎ ይለሰልሳል፤ ይቀደዳል። ያን ጊዜ በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ የነበረ ውሃ ግፊቱ በቅጽበት ሲለቀቅ ብዙው ወደ እንፋሎት ይፈነዳል። ውሃ እንፋሎት ሲሆን በተራ አየር ግፊት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የእንፋሎት ቦይለር ሲፈነዳ ከእሳቱ ይልቅ ያ ውሃ ነው ሕንፃ የሚያነሳው።

በ1865 ሚያዝያ አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ «ሱልታና» የምትባል የእንፋሎት መርከብ ቦይለሯ ፈነዳ። 376 ሰው እንድትጭን የተፈቀደላት መርከብ ከ2,000 በላይ፣ አብዛኞቹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተማርከው የተፈቱ ወታደሮች፣ ይዛ ነበር። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ከጥቂት ቀናት በፊት ቦይለሩ ላይ የታየው ጉዳት በጥድፊያ በላሜራ ተለጥፎ ነበር፤ ባለቤቶቹ መንገደኛ እንዳያመልጣቸው። ወታደሮቹ ጦርነቱን ተርፈው ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። በ1905 ደግሞ ብሮክተን፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ሕግ ያወጣው፤ በ1915 ደግሞ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያውን የቦይለር ደንብ አሳተመ። ዛሬ እኔ እጄ ላይ የምይዘው ደንብ ዘር ማንዘሩ ከዚያ ነው።

የኔ ሥራ የሚጀምረው ዓይን ከሚያበቃበት ነው። የላሜራውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ እለካለሁ፤ ውሃ ሞልቼ ከሥራው በላይ በሆነ ግፊት እፈትናለሁ። ይህ «የዘመኑ ምህንድስና» የምትሉት ነው። እናንተ የምትወዱት ሞተር ዛሬ በሙዚየም በሰላም የሚሠራው እሱ ስለሚጠብቀው ነው።


ብረት ወዳድ፦

ሴፍቲ ቫልቭ፣ የሱልታናን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ካነበብኩበት ምሽት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አመሰግናለሁ።

ኮድ ጻፊና አንተ ከሁለት በኩል ያው ቦታ ላይ መታችሁኝ፤ ተቀብያለሁ። የሚሠራው ኃይል አይታይም፣ የሚገድለውም አይታይም። «ይታያል» የሚለው ቃሌ የሳበኝን ነገር በትክክል አልያዘውም። ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ እስቲ እንደገና ልሞክር።

በ1938 ጁላይ 3 እንግሊዝ አገር «ማላርድ» የተባለው ባቡር 203 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጠ። እስከ ዛሬ የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን ነው። ንድፉ የናይጄል ግሬስሊ ነው፤ ሦስት ሲሊንደር አለው። የመካከለኛው ሲሊንደር ቢየላ ኩሽኔታ ጎማዎቹ መካከል የተደበቀ ስለሆነ ነጂው አያየውም፣ ሲግል የሚነግረው የለም። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ኃይለኛ ሽታ ያለው ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ዕቃ እዚያ አስቀመጡ። ኩሽኔታው ሲግል ዕቃው ይከፈታል፣ ሽታው ለነጂው ይደርሳል። በዚያ ዕለት ከክብረ ወሰኑ በኋላ በእርግጥም ያ ኩሽኔታ ግሎ ተጎድቶ ተገኘ።

እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። ማሽኑ ሰውን ይፈልጋል፤ ዓይኑን ብቻ አይደለም፣ ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ መዳፉን ይፈልጋል። እሳቱን የሚያነደው ረዳት ገና ዳገቱ ሳይጀምር ከሰሉን ይጨምራል፤ ቦይለር ዛሬ ተጠይቆ ዛሬ አይመልስምና። የውሃውን መስታወት እያየ፣ የጭሱን ቀለም እያየ፣ መንገዱን በቃሉ እያወቀ። ሰውየው የመቆጣጠሪያው አንድ አካል ነው። ዋት ኳሶቹን ሰቀለ፤ የቀረውን ሁሉ የሚያስበው ሰው ነበር። ጋሼ ተርባይን ጠባቂ ሌሊት መዳፋቸውን ኩሽኔታው ቤት ላይ ሲያሳርፉ ያሉት ነገር ያው ነው መሰለኝ። የታሸገው ተርባይን እንኳ እሳቸውን ይፈልግ ነበር።

የመኪናዬ ክዳን ያሳዘነኝ እንግዲህ ስለደበቀብኝ ብቻ አይደለም። ስላላስፈለግኩት ነው።


መፍቻ፦

«ስላላስፈለግኩት ነው» ያልከው ነካኝ። ብዙ ሌሊት ያሰብኩት ነገር ነው።

እኔ አንድ ልጨምር፤ መሞትና አለመሞት። እንግሊዞች «ቶርናዶ» የሚባል የእንፋሎት ባቡር ከባዶ ሠርተው በ2008 አስነሱ። የዚያ ዓይነት ሞዴል ከ1960ዎቹ ወዲህ አንድም አልተረፈም ነበር፤ ሁሉም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዷል። ግን ሥዕሉ ነበር። ሥዕሉን ይዘው ብረት አቀለጡ፣ ቀረጹ፣ ቦይለሩን ጀርመን ማይኒንገን አሠሩ። አሜሪካ ውስጥም በ1941 የተሠራው «ቢግ ቦይ» 4014 ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ኖሮ በ2019 እንደገና በራሱ ጉልበት ሐዲድ ላይ ወጣ።

አሁን ወደኔ ጋራዥ ኑ። 20 ዓመት የሞላው መኪና መጣ፤ ሞተሩ ጤነኛ፣ ካምቢዮው ጤነኛ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ብቻ ሞቷል። ሳጥኑ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ውስጡ ያለውን ቺፕ ማንም አይሠራውም፤ ፕሮግራሙ የተቆለፈ ነው። ሥዕል የለኝም፣ ቶርኖ አይፈታውም። ሙሉ መኪና እዚያ ቆሞ ይዝጋል። ይህን ያየ መካኒክ ብረት ለምን ትወዳለህ ተብሎ አይጠየቅም።


ኮድ ጻፊ፦

መፍቻ፣ በዚህ ተሸነፍኩልህ። ያ ጥፋት የፊዚክስ አይደለም፣ የኛ ነው። ፕሮግራሙን የምንቆልፈው እኛ ነን፤ ሥዕሉን የማናስቀምጠው እኛ ነን። ነገ ሥራ ቦታ የማነሳው ጉዳይ ሰጠኸኝ።

ግን የዘመኑ ሥራ ሰው አይፈልግም ማለትን አልቀበልም። የአውሮፕላን ጄት ሞተር ውስጥ ከማቃጠያው ቀጥሎ ያሉት የተርባይን ቅጠሎች የሚቆሙት ብረታቸው ከሚቀልጥበት በላይ በሞቀ ጋዝ ውስጥ ነው። እንዴት አይቀልጡም? ቅጠሉ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ አየር በውስጡ አልፎ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወጥቶ ገላውን እንደ ነጠላ ይሸፍነዋል። ቅጠሉ ራሱ ደግሞ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ ነው የሚቀረጸው፤ በሙቀት ቀስ በቀስ የሚሳብበት የክሪስታል ወሰን እንዳይኖረው። ይህን ያሰበ ሰው አለ፤ በእሳት ፊት እንደ ቆመው ረዳት ያለ ሰው። ልዩነቱ፣ የሱ ድካም የሚያልቀው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። ተጠቃሚው አያየውም፤ ስለዚህም የሚያመሰግነው የለም።


ተርባይን ጠባቂ፦

ኮድ ጻፊ፣ ይህ መጨረሻ ላይ ያልከው በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ጌታ ይባርክህ።

አንድ እውነት ብቻ ልጨምርና ልተኛ። የእንፋሎት ባቡርን የጣለው ቅልጥፍናው ማነሱ ብቻ አይደለም። አዎ፣ ከከሰሉ ሙቀት ወደ ጎማው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመቶ 6 ወይም 8 ነበር፤ ዛሬ ጋዝና እንፋሎት ተርባይን ያጣመረ ጥሩ ማመንጫ ከመቶ 60 ያልፋል። ግን ከዚያ ይልቅ የሰው ጉልበት ነው የጣለው። ቀዝቅዞ ያደረ ባቡር ለመነሳት ሰዓታት ይፈልጋል። አመድ ይዛቃል፣ ቱቦ ይጠረጋል፣ ቦይለር በየጊዜው ይታጠባል። ናፍጣው ግን ቁልፍ ተጫንከውና ተነሳ። ብረት ወዳድ «ሰውን ይፈልጋል» ያልከው እውነት ነው፤ አመዱን ከሥሩ ተንበርክኮ የሚዝቀውንም ሰው ይፈልግ ነበር። ያንን ሰው ሳስብ ናፍጣው መምጣቱ ደስ ይለኛል፤ ባቡሩ በመሄዱ ደግሞ አዝናለሁ። ሁለቱም አብረው አሉብኝ።


አዲስ ገቢ፦

ከናንተ ጋር ሳምንት ሙሉ ስቆይ መሥራት አማረኝ። እህቴ ትንሿ ቶርኖ፣ ምንም የማያውቅ ሰው በየትኛው ይጀምር?


ትንሿ ቶርኖ፦

ሲሊንደሯ ራሷ በምትወዛወዝ ሞተር ጀምር። የቫልቭ ማንቀሳቀሻ የላትም። ሲሊንደሯ ከክራንኩ ጋር ወዲያ ወዲህ ስታጋድል፣ ጎኗ ላይ ያለችው ቀዳዳ አንዴ ከመግቢያው፣ አንዴ ከመውጫው ጋር ትገጥማለች፤ በቃ፣ ቫልቩ እሱ ነው። የሚያስቸግርህ ሁለቱ ፊቶች፣ ማለትም ሲሊንደሩና የቆመበት ሰሌዳ የሚነካኩበት፣ ፍጹም ለጥ ያሉ መሆን አለባቸው። መስታወት ላይ ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አንጥፈህ በክብ በክብ እሸው፤ አትቸኩል። ሌላው ሁሉ ይቅር ይልሃል።


ሴፍቲ ቫልቭ፦

በአየር ነው የምታስነሳት። ትንሽ የጎማ መንፊያ ይበቃል። ቦይለር የሚባል ነገር ከመግዛትህም ሆነ ከመበየድህ በፊት ግን እዚሁ ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ሞተሯ የተነሳች ዕለት ደግሞ ድምፁን ቅዳና እዚሁ አስቀምጥልን። መፍቻ ምቷ እኩል መሆኑን ሰምቶ ይነግርሃል።